እልፍኝ አስከልካይ

ተከታታይ ታሪክ

ክፍል አንድ
«ሲስተሙስ አለ»

«ሲስተም የለም» ሲባል ያልሰማ ሰው አገራችን ውስጥ አይገኝም። ሰልፍ ይዞ ውሎ፣ ተራው ሲደርስ በመስኮቱ ቀዳዳ ይህችን ሁለት ቃል ተቀብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ስንቱ ነው! ያን ቀን ከአዲ አርቃይ የተደወለልኝ ስልክ ግን ሌላ ነገር ይዞ መጣ።

«ልጄ፣ ሲስተሙስ አለ» አሉኝ እትዬ። «እኛን ነው የማያውቀን።»

እትዬ አዲ አርቃይ ላይ ባዮሎጂ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። ዛሬም ከሰሌዳው አልራቁም፤ በዚያ ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞችን የማስመዝገብ ሥራ ተጨምሮባቸዋል። እኔ ደግሞ ደባርቅ ነኝ። ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሰርቨር እጠብቃለሁ። በእሳቸውና በእኔ መካከል ሊማሊሞ አለ፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያጠማዘዘው መንገድ። ደባርቅ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ዛሪማ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ ያደርጋል፤ አዲ አርቃይ ሲገባ ኮቱንም ያወልቃል። የኮምፒውተር መልእክት ግን ዳገት ቁልቁለት አያውቅም፤ ዓይን ሳይርገበገብ ወርዶ ይወጣል። እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

«ምን ይልዎታል፣ እትዬ?»

«ስሜንና ፓስዎርዴን እሞላለሁ። ‹እንኳን ደህና መጡ› ብሎ በስሜ ይጠራኛል። ደስ ብሎኝ ‹ተማሪ መዝግብ› የሚለውን ስነካው፣ ‹እባክዎ መጀመሪያ ይግቡ› ብሎ ደጅ ላይ ያቆመኛል። አሥራ አራት ጊዜ ገባሁ፤ አሥራ አራት ጊዜ አስወጣኝ። እጅ ነሥቶ ተቀብሎ እጅ ይዞ የሚያስወጣ እንዲህ ያለ አስተናጋጅ አይቼ አላውቅም።»

«ስንት ተማሪ ቀረዎት?»

«ሠላሳ ሰባት።»

ሠላሳ ሰባቱ በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት አዲ አርቃይ ሲደርስ ትምህርት አቋርጠው በኋላ የተመለሱ ልጆች ነበሩ። የቀድሞ ውጤታቸውን ወረቀት ከያለበት ማሰባሰብ ወራት ፈጅቶ፣ የመጨረሻው ማህተም ያረፈው ትናንት ማታ ነው። ምዝገባው የሚዘጋው ደግሞ ዛሬ፣ ከቀኑ 12 ሰዓት።

የሰርቨሩን መዝገብ ከፈትኩ። 8፡40 ላይ ተጠቃሚ ገባ ይላል። እዚያው 8፡40 ላይ፣ ከዚያው ቦታ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው መጣ ይላል። የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ 8፡40። ሰርቨሩ እትዬን አይቷቸዋል። አይቷቸው፣ ስማቸውን ጠርቶ፣ ወዲያው ረስቷቸዋል።

አጠገቤ ከዳባት የመጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ተቀምጧል። ጠዋት በአንድ ሚኒባስ ነው የመጣነው፤ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ስለተበላሸበት ዝርዝሩን በወረቀት ይዞ፣ «እዚሁ አስገባልኝ» ሊለኝ። ነገሩ አልዋጥ አለው።

«ማሽን እንዴት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሰው ይረሳል?»

«መርሳትማ ተፈጥሮው ነው» አልኩት። «ድረ ገጽ ሲፈጠር ጀምሮ ትዝታ የለውም። አንድ ነገር በነካህ ቁጥር ለእሱ አዲስ እንግዳ ነህ። በ1994 እ.ኤ.አ. ኔትስኬፕ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሉ ሞንቱሊ የሚባል ሰው ነው መላ ያበጀለት። ወፍጮ ቤት እህልህን ስታስረክብ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ካርቶን ተሰጥቶህ አያውቅም? ባለወፍጮው መልክህን አያስታውስም፤ ካርቶኗን ግን ያውቃታል። ያቺ ካርቶን ኩኪ ትባላለች። ሰርቨሩ ይሰጥሃል፣ ብራውዘርህ በኪሱ ይይዛል፣ በየደረስክበት ያሳያል።»

«ታዲያ የመምህሯ ካርቶን የት ገባ?»

ጥያቄው እሱ ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩን የሚያጠብቅ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ሰርቨሩን ማንም በቀጥታ አያገኘውም። የጎንደር ነገሥታት እልፍኝ አስከልካይ እንደነበራቸው እሱም አለው። ባለጉዳይ ለእልፍኝ አስከልካዩ ይናገራል፤ እሱ ገብቶ ያደርሳል፤ መልሱን ተቀብሎ ያወጣል። ባለሙያዎቹ ሪቨርስ ፕሮክሲ ይሉታል። የእኛው ኤንጂን-ኤክስ ነው፤ ኢጎር ሲሶዬቭ የሚባል ሩሲያዊ በ2004 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የለቀቀው። ከውጭ ዓለም ጋር የሚገናኘው እሱ ብቻ ነው። ውስጠኛው ማሽን ለደኅንነቱ ተብሎ ኢንተርኔት የሚባል አይቶ አያውቅም።

ትናንት ይሠራ ነበር። ዛሬ ምን ተለወጠ? ጠዋት መብራት ሄዶ መጥቷል፤ ያ እኛ ዘንድ ዜና አይደለም። መንገድ ላይ ሳለሁ ዘበኛው ጋሼ ደውለው «ማሽኑ ሙላ ሙላ እያለ ቆሟል» ቢሉኝ በስልክ አስሞላኋቸው፤ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።

ስለዚህ በኢንተርኔት መስመሩ ላይ ፈረድኩ። ጫናው ቢቃለል ብዬ፣ ገጾቹ እልፍኝ አስከልካዩ ዘንድ ተቀምጠው ለሚመጣው ሁሉ ከዚያው እንዲታደሉ አደረግኩ። ሁለት መስመር ትእዛዝ ነው፤ ከድሮ ማስታወሻዬ ገልብጬ ለጠፍኩ። ቀጥዬ የዳባቱን ሰው አስፈቅጄ በእሱ ስም ገባሁ። የተሰጠውን ኩኪ በእጄ ገልብጬ፣ ከጥያቄው ጋር አጣብቄ በእልፍኝ አስከልካዩ በኩል ላክኩት። ገጹ ተከፈተ! በሩ ካርቶን አይነጥቅም ማለት ነው። ታዲያ ማን?

ስልኬ ጮኸ።

«ገባሁ! ልጄ፣ ገባሁ!» እትዬ ናቸው። ከኋላቸው የልጆች ጭብጨባ ይሰማል። እኔም ወንበሬ ላይ ተለጠጥኩ።

ጭብጨባው ግን በመሐል ተቆረጠ።

«ቆይ… ልጄ…» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እዚህ ላይ የተጻፈው ስም የኔ አይደለም። ልጆቹም የኔ ልጆች አይደሉም።»

(ይቀጥላል)

ክፍል ሁለት
የውቤ ዘውድ

ባለፈው ሳምንት፦ ምዝገባ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት የአዲ አርቃይዋ መምህር በገቡ ቁጥር ይወጣሉ። ጠጋኙ መላ ያለውን ሞከረ። መምህሯ ገቡ፤ የገቡት ግን በሌላ ሰው ስም ነው።

«ማን ይላል፣ እትዬ?»

አነበቡልኝ። የዳባቱ ሰው ከወንበሩ ተነሣ።

«የኔ ስም አዲ አርቃይ ምን ይሠራል?»

የዚሁ አካባቢ ሰው ስለሆነ በራሱ አገር ታሪክ ነገርኩት። ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ማርያምን አሠርተው፣ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሊቀቡበት ሁሉን አሰናድተው ነበር። የካቲት 1847 ላይ ግን ደረስጌ አጠገብ ጦርነት ሆነ፤ ካሣ አሸነፈ። በዚያው ሰሞን፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ዘውዱን ጫኑ፤ የተጫነው ግን አጼ ቴዎድሮስ ተብሎ በካሣ ራስ ላይ ነው።

«የተሰናዳው ለአንተ ነበር» አልኩት። «የደረሰው ለእሳቸው ነው። ጳጳሱ ደግሞ እኔ ነኝ።»

ጥፋቱ የኔው ነበር። ኤንጂን-ኤክስ በተፈጥሮው ጠንቃቃ ነው፤ ኩኪ የተያያዘበትን መልስ ለሌላ ሰው ላድል ብሎ አያስቀምጥም። እኔ በለጠፍኳት ሁለተኛ መስመር «ኩኪውን አትይበት፤ ዝም ብለህ አስቀምጥ» ብዬ አስገድጄዋለሁ። ከዚያ በዳባቱ ሰው ስም ገጹን ስከፍት፣ እልፍኝ አስከልካዩ ቅጂውን ያዘ። ቀጥለው ለመጡት ለእትዬ ያንኑ አቀበላቸው።

«እትዬ፣ ምንም አይንኩ!»

«ነክቻለሁ እንጂ። አንዱን ልጅ ልክፈት ብል፣ ያው ደጅ ላይ አቆመኝ።»

እፎይ አልኩ። ያዩት የገጹን ጥላ ነው፤ ከውስጠኛው ማሽን ጋር አልተገናኙም፤ የተነካ መዝገብ የለም። ሁለቱን መስመሮች ሰረዝኩ፤ የተቀመጠውንም ጠረግኩ። የዳባቱን ሰው ይቅርታ ጠየቅኩት። እሱም ዝርዝሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆጥሮ አንድም እንዳልጎደለ እስኪያረጋግጥ ድረስ ቀና ብሎ አላየኝም። ልክ ነው። የሰው ልጆች ስም የያዘ ገጽ ሊማሊሞን ተሻግሮ ሌላ ሰው ፊት መከፈቱ ቀላል ነገር አይደለም። መጠገን የሚፈልግ እጅ ሲቸኩል ከብልሽቱ የከፋ ያመጣል።

10 ሰዓት አለፈ። አሁን እንደ ሰው ማሰብ ነበረብኝ፤ የሚያውቀውን ምክንያት አንድ በአንድ አንሥቶ ማየት።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የታወቀ ነው። እንግዳው ከውጭ የሚመጣው ተሸፍኖ፣ በኤችቲቲፒኤስ ነው። እልፍኝ አስከልካዩ ጋ ሲደርስ ሽፋኑ ይወልቃል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው በገላጣው ነው። ውስጠኛው ማሽን ይህን ሲያይ «ይህ ሰው ሳይሸፈን ነው የመጣው፤ ምስጢራዊ ካርቶን አልሰጠውም» ሊል ይችላል። ስለዚህ እልፍኝ አስከልካዩ «ተሸፍኖ ነው የመጣው፤ እኔ ነኝ የገለጥኩት» ብሎ መመስከር አለበት። ምስክርነቱ ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፕሮቶ ይባላል። አየሁት፤ አለ። ሁለተኛው፣ ካርቶኗ የተጻፈችበት አድራሻና መንገድ ከበሩ አድራሻ ጋር መግጠሙ ነው። ገጥሟል። ሦስተኛው፣ ከበስተጀርባ ሁለት ሰርቨር ኖሮ አንዱ የሰጠውን ሌላው አላውቅም ማለቱ። የኛ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ለሁለተኛ በጀት ተገኝቶ አያውቅም።

ሁሉም ንጹሕ ነው! መዝገቡን ደግሜ አየሁት፤ 10፡50። የእጅ ሰዓቴ 10፡50። ሁሉም በቦታው ነው።

«እኔ አንድ ነገር ልበል?» አለ የዳባቱ ሰው። «እልፍኝ አስከልካዩን ትተህ በቀጥታ ብትገባስ?»

ላፕቶፔን በኬብል ከውስጠኛው ማሽን ጋር አገናኘሁ። ገባሁ። ነካሁ። ቆየሁ። ደግሜ ነካሁ፤ አሁንም ውስጥ ነኝ። ያው ላፕቶፕ፣ ያው ብራውዘር፣ ያው ስም፤ በበሩ ስመጣ ያስወጣኛል፣ በጓሮ ስገባ ያኖረኛል።

«እዚህማ ይሠራል!» አለ እየሳቀ።

ለጠጋኝ ከዚህ የከፋ ቃል የለም። ታሞ ሐኪም ቤት ሲደርስ የሚሻለውን ሕፃን ያየች እናት ታውቀዋለች።

ስለዚህ ነገሩ ከበሩ ነው። በሩ ግን ካርቶን እንደማይነጥቅ በእጄ አይቻለሁ። ታዲያ ከሰርቨሩ አፍ እስከ ብራውዘሩ ጆሮ ሲደርስ አንድ ቃል ተለውጧል ማለት ነው። ከርል በሚባለው መሣሪያ ሁለቱን መልሶች ጥሬውን አወጣኋቸው፤ አንደኛውን በቀጥታ፣ ሁለተኛውን በእልፍኝ አስከልካዩ በኩል። አንዱን እኔ ያዝኩ፤ አንዱን ለዳባቱ ሰው ሰጠሁ። የተማሪ ስም ዝርዝር ሲያመሳክር የኖረ ሰው ነው፤ ከእሱ ዓይን የሚያመልጥ የለም።

«የካርቶኗ ቁጥር፣» አለ፤ ቁጥሩን አነበበ።

«ልክ።»

«መንገድ።»

«ልክ።»

«የምታበቃበት ሰዓት፣ በግሪንዊች 08፡50።»

«ልክ።»

«መልሱ የተጻፈበት ሰዓት፣ ዴት የሚለው፣ 08፡20።»

አልመለስኩም።

«ምነው? 08፡20 አይልም?»

እኔ የያዝኩት፣ በእልፍኝ አስከልካዩ በኩል የመጣው፣ 14፡20 ይላል።

ካርቶኗን በሚመለከት የተለየችው መስመር ያቺ ብቻ ነበረች። የተለየችውም በድፍን ስድስት ሰዓት ነው። አንድም ደቂቃ አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ።

ሁለታችንም ቀስ ብለን የእጅ ሰዓታችንን አየን። 11፡20 ይላል። መዝጊያው ሊደርስ አርባ ደቂቃ ቀርቷል። እኔን ያንቀጠቀጠኝ ግን እሱ አልነበረም።

(ይቀጥላል)

ክፍል ሦስት
የማን ሰዓት?

ባለፈው ሳምንት፦ ጠጋኙ ሁለት መልሶችን ጎን ለጎን ቢያስተያይ፣ የስድስት ሰዓት ልዩነት አገኘ። ምዝገባው ሊዘጋ አርባ ደቂቃ ቀርቷል።

ስድስት ሰዓት። ይህችን ልዩነት ያለ ሒሳብ መሣሪያ የሚያውቃት ሕዝብ እኛ ነን። ፈረንጅ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ እኛ ከፀሐይ መውጫ። ቲኬት ስንቆርጥ፣ ከውጭ አገር ዘመድ ጋር ስንደዋወል፣ ሁልጊዜ «በማን አቆጣጠር?» እንላለን። እኔ ያን ቀን ብቻ ሳልል ቀረሁ።

«ጋሼ!» ብዬ ተጣራሁ። ጋሼ በትራቸውን ይዘው በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ጠዋት ማሽኑ ሙላ ሲልዎ ሰዓቱን ስንት ብለው ሞሉት?»

«ስንት ልሞላው ኖሯል? ሦስት ሰዓት ነበር፤ ሦስት ብዬ ሞላሁት።»

«ቀኑንስ?»

«ቀኑን የፈረንጁን አንተ ነገርከኝ። ሰዓቱን ግን ‹እጅዎ ላይ ያለውን ይሙሉት› አልከኝ። እጄ ላይ ያለው ደግሞ ይኸው ነው» ብለው የብረት ማሰሪያ ያላትን አሮጌ ሰዓታቸውን አሳዩኝ።

አልዋሹም። የውስጠኛው ማሽን ክብ ባትሪ ሞቷል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ጊዜው ይጠፋዋል። ኢንተርኔት ስለሌለው ከማንም አይጠይቅም። ጋሼን ጠየቀ፤ ጋሼ የሚኖሩበትን ሰዓት ነገሩት። እኔ ቀኑን ሙሉ መዝገቡን ሳይ፣ ከእጅ ሰዓቴ ጋር ገጥሞ ሳገኘው «ልክ ነው» እያልኩ አለፍኩ። 8፡40 ሲል የኔም 8፡40፤ 10፡50 ሲል የኔም 10፡50። ማሽኑ ግን 14፡40 እና 16፡50 ማለት ነበረበት። ሁለት ጊዜ አይቼ ያለፍኩት ስሕተት ስለተደበቀ አልነበረም፤ የራሴን መልክ ይዞ ስለቆመ ነው።

«በቀጥታ ስንገባ ለምን ሠራ ታዲያ?» አለ የዳባቱ ሰው።

የነገሩ ውበትም ክፋትም እዚያ ላይ ነው። ብራውዘር የሌላውን ሰዓት በጭፍን አያምንም፤ ያስተያያል። ሰርቨሩ በቀጥታ ሲነግረው «አሁን 08፡20 ነው፤ ካርቶኗ 08፡50 ላይ ታበቃለች» ይለዋል። ብራውዘሩ የራሱ ሰዓት 14፡20 ቢሆንም፣ «አንተ የተሳሳተ ሰዓት አስረሃል፤ ያም ሆኖ ሠላሳ ደቂቃ ማለትህ ነው» ብሎ ካርቶኗን ሠላሳ ደቂቃ ያኖራታል። እልፍኝ አስከልካዩ ግን አንድ አመል አለው፤ ማንም ሳያዘው፣ ከውስጥ የመጣውን ‹ዴት› አውልቆ የራሱን ያለብሳል። የእሱ ሰዓት ከኢንተርኔት የሚስተካከል፣ ደቂቃ የማይስት ነው። ስለዚህ ብራውዘሩ የሚሰማው «አሁን 14፡20 ነው፤ ካርቶኗ 08፡50 ላይ አብቅታለች» የሚል ነው። ስትወለድ የሞተች ካርቶን። ቃል ሳይናገር ይጥላታል።

ማንም አልዋሸም። ጋሼ እውነታቸውን ነው፤ እልፍኝ አስከልካዩ እውነቱን ነው። ሁለት እውነት በአንድ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ሠላሳ ሰባት ልጅ ደጅ ቀረ።

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። ነገሩን ሳልጨርስለት አቋረጠኝ።

«ሰዓት ከሆነ ሰዓቱን አስተካክለው እንጂ! ምን ትጠይቀኛለህ?»

ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። የዳባቱ ሰው ክንዴን ያዘኝ።

«ቆይ። ምዝገባውን የሚዘጋው ማን ነው?»

«ፕሮግራሙ ራሱ። 18፡00 ሲል ይዘጋል።»

«በማን ሰዓት?»

እጄን አነሣሁ። በውስጠኛው ማሽን ሰዓት ነዋ! ማሽኑ ደግሞ አሁን 11፡30 ላይ ነው ያለው። እንዳለ ብተወው በሩ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ነው፤ ግን ማንም አይገባበትም። ባስተካክለው ሁሉም ይገባል፤ ግን በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ይዘጋል። አንድ ልጅ ለመመዝገብ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ሠላሳ ሰባቱን አሰላሁት፤ አንድ ሰዓት ተኩል። ከሠላሳ ሰባቱ ሃያ አምስቱን ራሴ በእጄ ደጅ ማስቀረቴ ነው።

በሌላ በኩል፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እትዬ በር ሲያንኳኩ ውለዋል። እኛ የወሰድንባቸው ስምንት ሰዓት ተኩል ነው፤ የሚያስፈልጋቸው አንድ ሰዓት ተኩል። ይህን መፍረድ ግን የጠጋኝ ሥራ ነው?

ሦስተኛ መንገድ ነበረ። ሰዓቱን ሳልነካ፣ እልፍኝ አስከልካዩን አመሉን ማስተው። አንድ መስመር ጻፍኩ፤ ‹ፕሮክሲ ፓስ ሄደር ዴት›። «ከውስጥ የመጣውን ዴት አታውልቅ፤ እንዳለ አሳልፈው» ማለት ነው። አስቀመጥኩ፤ ትእዛዙን እንደገና እንዲያነብ አደረግኩት። 11፡35።

«እትዬ፣ አሁን ይሞክሩ።»

ዝምታ። ከወዲያ የአንድ ልጅ ሳል ይሰማል።

«ገባሁ» አሉ ቀስ ብለው፤ አሁን የሚያጨበጭብ የለም፤ አንዴ ተሞኝተዋል። «ስሙ… የኔ ነው። ‹ተማሪ መዝግብ› ነካሁ…»

«እሺ?»

«ከፈተልኝ! ልጄ፣ ቅጹን ከፈተልኝ!»

ስልኩን ሳይዘጉ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ስም በስም ሲጠሩ፣ ልጁ መጥቶ ሲያረጋግጥ፣ ቁልፍ ሲመታ እሰማ ነበር። 12 ሰዓት ሲሆን አሥር ደርሰው ነበር። ውስጠኛው ማሽንም 12፡00 አለ፤ ለእሱ ግን ቀትር ነው። በሩን ሊዘጋ ቀርቶ አላሰበውም። አሥራ አንደኛው ልጅ ገባ። አሥራ ሁለተኛው። የዳባቱ ሰው ወረቀቱን ሰብስቦ ከያዘ ቆይቷል፤ የዳባት መኪና እንደሚያመልጠው እያወቀ አልሄደም።

12፡40 ላይ አለቃዬ ገባ። ፊልድ ጃኬቱ ላይ የደባርቅ ጉም ጤዛ ሠርቷል። ስክሪኑን አየ፤ ግድግዳውን አየ፤ ከስልኩ የሚወጣውን የስም ጥሪ ሰማ።

«ይህ እስካሁን ለምን አልተዘጋም?»

ነገርኩት፤ አሁን ሳያቋርጠኝ ሰማ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«እኔ ቀጥል አላልኩም» አለ በመጨረሻ። «አቁምም አላልኩም። ሪፖርቱን ግን ዛሬ፣ እዚሁ፣ እያየሁህ ትጽፋለህ። ነገ የሚጠይቅ ይመጣል፤ የሚጠይቀው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው።»

የጥገና ቅጹን ከመሳቢያው አውጥቶ ፊቴ አደረገ። የችግሩን ዓይነት ጻፍኩ። ምክንያቱን ጻፍኩ፤ የጋሼን ስም አላነሣሁም፤ ያስሞላኋቸው እኔ ነኝ። የዘውዱንም ጉዳይ ጻፍኩ፤ የሰው ዝርዝር ለሌላ ሰው መታየቱን አልሸሸግኩም። አንድ ባዶ መስመር ቀረ፤ «ምዝገባው የተጠናቀቀበት ሰዓት»።

«ልጄ፣» አሉ እትዬ ከስልኩ ውስጥ፤ ድምፃቸው ደክሟል። «ሠላሳ ሰባተኛዋን አስገባሁ። አበቃሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»

የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ ከምሽቱ 1፡10። እልፍኝ አስከልካዩን አየሁ፤ 19፡10። ውስጠኛውን ማሽን አየሁ፤ 13፡10። እጄ ላይ ያለውና ማሽኑ የሚለው ቀኑን ሙሉ አንድ ሆነው ውለው፣ ከአንድ ሰዓት ወዲህ ተለያይተዋል። 13፡10 ብጽፍ፣ ማሽኑም ይመሰክርልኛል፤ ልጆቹ በቀን፣ በጊዜው ገብተዋል። 19፡10 ብጽፍ፣ ከአሥሩ በቀር ሁሉም ከመዝጊያው በኋላ የገቡ ናቸው።

አለቃዬ ብዕሩን አቀበለኝ። ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል፤ የዳባቱ ሰው ወረቀቱን ደረቱ ላይ አቅፏል።

ብዕሩን አሳረፍኩ። 1 ብዬ ጻፍኩ።

ሦስቱም ሰዓቶች በአንድ ነው የሚጀምሩት።

(ይቀጥላል)